የጓዳ ወግ በአደባባይ

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩም «አንብበህ ሳቅ» የሚል ማሳሰቢያ ጨምሮበታል። ጽሑፉ የጸሐፊ ስም የለውም። አንዲት የሽሮ ሜዳ እናት ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ኔትወርክ ፍለጋ የእንጦጦን ዳገት ሲወጡ ያሳያል። ቋንቋው ይጥማል፤ አካሄዱ ፈጣን ነው፤ መጨረሻው ላይም አንባቢን በሳቅ የሚያፈርስ ዐረፍተ ነገር ተቀምጧል። እኔ ግን አልሳቅሁም። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። መቼም ሂስ የሚጽፍ ሰው ልማዱ ከሌላ ሰው ሥራ መጀመር ነውና እኔም ልማዱን ልጠብቅ። የዛሬው ጉዳዬ «የፌስቡክ ወግ» እያልን የምንጠራው ጽሑፍ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ እንደሚያጫውት ሆኖ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ አማት፣ ገንዘብ ተበድሮ ስለጠፋ ዘመድ የሚጻፈው ማለቴ ነው። ላለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት ከተሜው አንባቢ ልብ ወለድ ከሚያነብበት ጊዜ ይልቅ ይህን የሚያነብበት ጊዜ ሳይበልጥ አልቀረም። ነገር ግን አንብበን ስቀን፣ ላይክ አድርገን እናልፋለን እንጂ ስለ ጽሑፉ ጠባይ ቁጭ ብለን የተነጋገርን አይመስለኝም።

ወግ ድሮና ዘንድሮ

ነገሩ ከፌስቡክ አልተጀመረም። ወግን ራሱን የቻለ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አድርገው ካስለመዱን ደራስያን መካከል መስፍን ሀብተማርያም ከፊተኞቹ ይሰለፋል። «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» የተሰኘ መጽሐፉን ያነበበ ሰው፣ በየቀኑ እያየን የምናልፈው ነገር በሰላ ዓይን ሲታይ ምን ያህል እንደሚያስገርም ያውቃል። ከዚያም ወግ በመጽሔትና በጋዜጣ ገጾች ላይ ኖረ። በእውቀቱ ስዩምን የመሰሉ ጸሐፊዎች ቧልትን ከቁም ነገር ጋር እያዋሐዱ አዲስ አንባቢ አፈሩለት።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ግን ከፊደላችን ጋር አልተግባቡም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በየኮምፒዩተሩና በየስልኩ እስኪለመድ ደግሞ ሌላ ብዙ ጊዜ ወስዷል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሁሉም ሰው ክፍት ከሆነ በኋላ እንኳ ብዙዎቻችን እዚያ ሰላምታ የምንለዋወጠው በላቲን ፊደል በተሰባበረ አማርኛ ነበር። በላቲን ፊደል ሰላምታ ይጻፋል፤ ወግ ግን አይጻፍም። ስልኮቻችን «ሀ ሁ» ማለት ሲጀምሩ ነው ወግ አዲስ ቤት ያገኘው።

አሌክስ አብርሃምና ሕይወት እምሻው በዚህ ቤት ካደጉት መካከል ይጠቀሳሉ። የአሌክስን «ዶክተር አሸብርና ሌሎችም» ወይም የሕይወትን «ባርቾ» ገዝቶ ያነበበ ብዙ ሰው ጸሐፊዎቹን ቀድሞ የተዋወቃቸው በስልኩ ነው። አሳታሚ ስሙ ላልታወቀ ጸሐፊ ገንዘብ ለማውጣት በሚፈራበት አገር፣ እነዚህ ጸሐፊዎች አንባቢያቸውን አስከትለው ወደ ማተሚያ ቤት መሄዳቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ምስጋናው ይቅደም

የዚህ ጽሑፍ አንደኛው ውለታ በቋንቋ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በርግጥ የሚናገረው አማርኛ፣ ከነጥድፊያው፣ ከነሽሙጡ፣ ከነእንግሊዝኛ ቅልቅሉ፣ እንደዚህ በብዛት ተጽፎ አያውቅም። አርታዒ ሳይገራው፣ የትምህርት ቤት አማርኛ ሳያስደነግጠው ወጣ። አዎን፣ የፊደል ግድፈቱ ያማርራል። ሆኖም ከነግድፈቱ የሚተነፍስ ዐረፍተ ነገር፣ ታርሞ ከሞተ ዐረፍተ ነገር ይሻላል።

ሁለተኛው ውለታ በጓዳ ላይ ነው። ወጥ ቤት፣ የሕፃን ሌሊት ለቅሶ፣ የአከራይ ፊት፣ ከፍቺ በኋላ ያለች የመጀመሪያ በዓል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆኖ የመኖር ጥበብ፤ እነዚህ ነገሮች በልብ ወለዶቻችን ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይሉ ነበር እንጂ ራሳቸው ርእስ አይሆኑም ነበር። በተለይ ሴቶች ጸሐፊዎች ስለ ኑሯቸው በገዛ ድምፃቸው፣ የማንንም ገጽ ሳይለምኑ ጻፉ። ይህ ከሁሉም የበለጠው ነው።

ሦስተኛው ነገር ንባብን እንደገና የጋራ ማድረጉ ነው። አንድ ዘመን ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ቤተሰብና ጎረቤት በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። በፌስቡክም አንድ ሰው ስለ እናቱ ሞት ሲጽፍ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ከሥሩ የየራሳቸውን እናት ሲያነሱ አይቻለሁ። አንዳንዴ ከጽሑፉ ይልቅ ከሥሩ ያለው አስተያየት ይበልጣል። መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም የሚጎድለውም ይኸው ነው። ጨዋታው ታትሞ አጫዋቾቹ ይቀራሉ። መጽሐፉን ስናነብ «ስልኬ ላይ እያለ ይበልጥ ያስቀኝ ነበር» የምንለው፣ ያን ጊዜ ብቻችንን ስላልሳቅን ነው።

እንከኑስ?

እንከኑ ከዚያው ከቤቱ አሠራር ይመነጫል። ስልክ ረዥም ጽሑፍን ቆርጦ «ተጨማሪ ያንብቡ» ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው አንባቢው ሳያመልጠው በሦስት መስመር ውስጥ ጉድ ማሰማት አለበት። «ትናንት ባለቤቴ የሠራኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም» ዓይነት መግቢያ የበዛው ለዚህ ነው። መጨረሻውም እንዲሁ ነው። ላይክ የሚሰጠው ጽሑፉ ሲያልቅ ነውና መዝጊያው ወይ ማሳቅ ወይ ማስለቀስ ይገባዋል። በመካከል ያለው ነገር፣ ማለትም ኑሮው ራሱ፣ ከመግቢያው ወደ መዝጊያው ማሻገሪያ ድልድይ ሆኖ ይቀራል። የሰው ሕይወት አብዛኛው ግን ሳያስቅም ሳያስለቅስም የሚያልፈው መካከል ነው።

ሰዎቹም በቁጥር ጥቂት ናቸው። ስግብግቧ አከራይ፣ ዝምተኛው ባል፣ ፈረንጅ አገር ደርሶ የመጣው ጉረኛ፣ ስልክ የማያውቁት እናት። ሳናያቸው እናውቃቸዋለን፤ ስለምናውቃቸውም ቶሎ እንስቃለን። ግን አከራይዋ ቤቱን ለምን እንደምታከራይ፣ ማታ ማታ ምን እያሰበች እንደምትተኛ የጠየቀ ወግ ስንት አነበብን?

ከሁሉም በላይ የማይጥመኝ ግን የተራኪው ንጽሕና ነው። በነዚህ ወጎች ውስጥ «እኔ» የሚባለው ሰው ሁልጊዜ የተበደለ፣ ወይም የታዘበ፣ ወይም የገባው ነው። ሞኙ ሌላ ሰው ነው። የወግ ጥንታዊ ሕግ ግን የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ ወግ ጸሐፊ አስቀድሞ የሚስቀው በራሱ ላይ ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሕይወት በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ሲጽፍ ስለ ግብረ ገብነቱ ብዙ ተነቅፏል። ይሁን እንጂ ተራኪውን ከሚያወራላቸው ሰዎች ከፍ ባለ ወንበር ላይ አላስቀመጠውም። ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. በወጣው «አደፍርስ» ውስጥ ገጸ ባሕርያቱን እርስ በርስ ያከራክራል እንጂ አንዱን አዋቂ ሌላውን መሳቂያ አድርጎ አይፈርድም። ለዛሬ ወግ ጸሐፊዎች ትምህርቱ እዚያ ቁጭ ብሏል።

ጓደኛ ማለት

ፌስቡክ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው የጓደኛ ቁጥር ቢበዛ 5,000 ነው። ከዚያ በላይ የሆነው «ተከታይ» ይባላል። እኛ ባልንጀራ፣ ወዳጅ፣ ጎረቤት፣ አብሮ አደግ፣ ማኅበርተኛ፣ ዕቁብተኛ፣ እድርተኛ እያልን በልክ በልኩ የምንጠራውን ሰው ሁሉ ይህ ቤት «ጓደኛ» ብሎ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከተተው።

ለወግ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የፌስቡክ ወግ ድምፁን የተበደረው ከቡና ላይ ነው። «ስሙኝማ» ሲል፣ «ይኸውላችሁ» ሲል፣ የቡና ድምፅ ነው። ቡና ላይ ግን ሕግ አለ። በአቦል የሰው ነገር ያነሳሁ እንደሆነ በቶና የእኔው ይነሳል፤ በረካ ሳይደርስ ሁላችንም እኩል ተነክተን እንነሳለን። ማን ፊት ምን እንደሚነገርም ይታወቃል። አማቷ ስትገባ ወሬው ይለወጣል፤ ሕፃን ሲመጣ ድምፅ ይቀነሳል። ሐሜት እንኳ ቢሆን በአጥር የተወሰነ ነው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ተረታችን ያስጠነቀቀን አጥሩን እንዳንዘልል ነው። የስልኩ ወግ የቡናውን ድምፅ ወሰደ፤ ሕጉን ግን እዚያው ረከቦቱ ላይ ተወው። የሚወራለት ሰው እዚያ የለም፤ ተራውም አይደርሰውም።

አሁን ወደ ራሴ ጽሑፍ ልመለስ።

ያችን ቀን

ሰኔ 2012 ሊያልቅ ሲል ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ያን ጊዜ አንዲት ጎረቤታችን፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረቻቸው። እናትና ልጅ የሚገናኙት በኢሞ ነው። ድምፅ መልእክት ሲመጣ ከፍቼ የማሰማቸው፣ መልሳቸውንም የምልክላቸው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ሊባኖስ በዚያ ወራት የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች፤ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ ይሄዱ ነበር። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ። እርሳቸውም በሬዲዮ ሰምተዋል።

አንድ ቀን ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ይህን ጻፍኩ። ስለ ቤሩት አልጻፍኩም፤ ጨዋታው እንዳይከብድ ብዬ ተውኩት። ስለ ልጃቸውም በአንድ ሐረግ አለፍኩ። ፌስታሉን ግን አጋነንኩት። መዝጊያ ደግሞ ያስፈልገኝ ነበርና፣ ያላሉትን አንድ ንግግር በአፋቸው ጨመርኩበት። ከላይ የዘረዘርኳቸው እንከኖች ሁሉ አሉበት፤ ሂሱን የተማርኩት ከሌሎች ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በዚያ ሳምንት ከጻፍኩት ነገር ሁሉ የበለጠ ላይክ ያገኘው እርሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቤሩት መልእክት መጣልኝ። «ወንድሜ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ እኔም ስቄያለሁ። እናቴ መሆኗን ያወቅሁት ከሳቅሁ በኋላ ነው» ይላል።

ስድብ የለበትም። ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። እስከ ዛሬ በጽሑፌ ላይ ከተሰጡኝ ሂሶች ውስጥ የሚስተካከለው የለም። በእናቷ ላይ እንድትስቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ለሳምንታት ድምፅ ሳትሰማ ቆይታ ስልኳን ስትከፍት ያገኘችው ያን ነው። ጽሑፉን ወዲያው አጠፋሁት። የጠፋ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌሎች ገልብጠው፣ ስሜን አውጥተው፣ ከቴሌግራም ወደ ቴሌግራም ሲያዞሩት ኖረዋል። ስለ ስርቆት ቅሬታ ማቅረብ ያምረኝና መልሼ ዝም እላለሁ። እኔስ ከማን ወስጄ ነው?

ሕግ ምን ይላል? ደራሲስ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ወግ ጸሐፊ ግን ስም አይጠራም፤ ፎቶ አይለጥፍም። «አንዲት ጎረቤቴ» ይላል። በሕግ ፊት ንጹሕ ሆኖ ልጅን በእናቷ ላይ ማሳቅ ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄው የሕግ ሳይሆን የጥበብ ነው።

በጥበብ በኩል መልስ የሚሆነኝ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይጻጻፋሉ። ደብዳቤ ማለት አንድ አንባቢ ብቻ ያለው ጽሑፍ ነው፤ እኛ የምናነብበው እንደ ሌባ ሾልከን ገብተን ነው። ይሁንና አናፍርም። ለምን? ደራሲው ያን ምስጢር ለእኛ ለማሳየት ከፍሎበታል። ሰዎቹን ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው፣ ከነፍርሃታቸው ፈጥሮ፣ ወደ ደብዳቤው የምንደርሰው ሁሉንም ካወቅን በኋላ እንዲሆን አድርጓል። ያወቅነው ሰው ላይ ለመሳቅ አንቸኩልም። ጥሩው የፌስቡክ ወግም ይህን ያደርጋል፤ በአንድ ገጽም ቢሆን ሰውየውን ከነምክንያቱ ያሳያል። ደካማው ምክንያቱን ቆርጦ ድርጊቱን ብቻ ያቀርባል። ድርጊት ያለ ምክንያቱ ደግሞ ሁልጊዜ ያስቃል።

«እንግዲያው ስለ ሰው አንጻፍ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ጓዳው ይጻፍ። ተደብቆ የኖረውን ኑሯችንን አደባባይ ያወጣው ይህ ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ሴት ብቻዋን አለመሆኗን ያወቀችው ከዚህ ነው። ያ እንዲዘጋ አልፈልግም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለታሪኩ አጠገባችን ተቀምጦ ቢያዳምጥ ይህንኑ በዚሁ ቃል እናነብለት ነበር ወይ? እናነብለት ከሆነ ይታተም። ድምፃችን የሚሰናከልበት ቦታ ካለ፣ የጽሑፉ ድካም እዚያ ቦታ ላይ ነው። ይህ የምግባር ብቻ ሳይሆን የሂስም መለኪያ ነው። ውሸት የሆነውና የተጋነነው ሁልጊዜ እዚያው ይገኛልና።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ራሴ ባልፈተንበት አፈርኩ። መጀመሪያ ለልጅቱ ጻፍኩላት፤ «እማዬ ከፈቀደች» አለችኝ። ከዚያ ባለፈው እሑድ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ፣ ወረቀቱን ይዤ ለጎረቤታችን አነበብኩላቸው። የድሮውንም የአሁኑንም። የድሮውን ሲሰሙ ሁለት ቦታ ላይ ሳቁ፤ የጨመርኩባቸው ንግግር ላይ ሲደርስ ግን አልሳቁም። «ይህን መቼ አልኩ?» አሉ። አላሉም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት አልኳቸው። እናቴ ሲኒውን ታጥብ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ለመሆኑ ዝናቡን የት አደረስከው?» አሉኝ።

«የቱን ዝናብ?»

«ሐምሌ አልነበር እንዴ? ስልኬ እንዳይበሰብስ ነው እኮ የጠቀለልኩት። ማርያምን ልሳለም ስወጣ ያዘኝ። አንተ ሞኝ አስመሰልከኝ።»

ከዚያ ያ የተዘረጋው ክንድስ ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሱ እውነት መሆኑን አልካዱም። «እሱስ ኔትወርክ ፍለጋ ነው፤ የልጅ ነገር ሲሆን የማይሞከር የለም» አሉ። እንዲታተም ፈቀዱልኝ፤ ዝናቡ እንዲገባ ብቻ አዘዙ።